የሰኔ አንድ ድምር

የኃይለመለኮት ራስ ከጆሮው በላይ ተፈልጦ ደሙ እስከ ብር ሣጥኑ ድረስ ወርዷል። አጠገቡ የበሩ መወርወሪያ ብረት ወድቋል፤ አንዱ ጫፍ ላይ ሽበት ተጣብቋል፣ ሌላው ጫፍ ነጭ ዱቄት የነካው ይመስላል። ባሻ ነገሪ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ሆኖ ብዙ ሬሳ አይቷል። ይህኛው ግን ወዳጁ ነበር።

ግቢው ውስጥ ከልደታ ቅዳሴ የተመለሰው ሕዝብ ነጋዴውን አብዱልመናንን ከወይራው ጋር ጠፍሮ ይደበድበዋል። የመስቀያው ገመድ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ሚስቱ ዘሀራ መሬት ላይ ተቀምጣ «እሱ አልገደለም» ትላለች፤ የሚሰማት የለም። የጣሊያኑን ፖሊስ ካራቢኔሪን እንዳይጠሩ ጣሊያን ብሩን ይወርሰዋል። ነገሪን ከሰንጋ ተራ ያስጠሩት ለዚህ ነው።

«ቅዳሴ ሳለን ነው የገደሉብኝ» አለች የሟች ሚስት ወለተሰንበት። «ስንመለስ ይህ ሰው በደም ተነክሮ እላዩ ላይ ነበር። ትናንትም ተጣልተው ነበር።»

«ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፤ ከዚያ ገመዱ አይጠፋም» አለ ነገሪ።

አርባ ቤተሰብ የጣሊያንን የወረቀት ገንዘብ፣ ሊሬን፣ ስላላመነ ጠገራ ብሩን ኃይለመለኮት ዘንድ ያስቀምጥ ነበር። በየወሩ በልደታ ዕለት ጸሐፊው ጋሻው የተቀማጩን ጠቅላላ ድምር በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ ይጽፋል። ሕዝቡ የቤቱን ጤና የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው። ካደገ እፎይ ብሎ ይሄዳል፤ ከቀነሰ ሁሉም ብሬን ሊል ይሰለፋል። በሚያዝያ ሃያ ሺህ ሊሬ፣ በግንቦት ሃያ አራት ሺህ ነበር፤ ዛሬ ሃያ ስድስት ሺህ ተጽፏል። መቼም ቁጥር ሲያድግ ያየ ሰው አይጠይቅም።

ነገሪ ወደ ወይራው ሄደ። «ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«አራት መቶ ብሬን ስጠኝ አልኩት» አለ አብዱልመናን ደም እየተፋ። «መዝገቡን ገልጦ ‹ወስደሃል› አለኝ። ወላሂ፣ አንዲት ብር አልወሰድኩም። ‹እንግዲያው ጠዋት ና፣ መዝገቡን እመረምረዋለሁ› አለኝ። ስመጣ ወድቆ አገኘሁት፤ ላነሳው ስል ነው ደሙ የነካኝ።»

ጋሻው ደጃፉ ላይ ቆሞ ያለቅሳል።

«ድምሩን ለምን በሊሬ ትጽፋለህ?» አለው ነገሪ።

«ጣሊያን ቢያየው እንዳይጠረጥረን ነው፣ ባሻ።»

«የዛሬውን መቼ ጻፍከው?»

«ትናንት ማታ፣ ከጋሼ ጋር ብሩን ቆጥረን እንደጨረስን። ከንጋት ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ።»

ነገሪ ሁሉንም ወይራው ሥር ሰበሰበና ብሩን በፊታቸው አስቆጠረ። ሁለት ሺህ ጠገራ ሆነ።

«ካለፈው ሚያዝያ ወዲህ ከዚህ ቤት ብር ያወጣ እጁን ያንሳ» አለ።

አንድም እጅ አልተነሣም።

«ስሙኝ። በሚያዝያ አንድ ጠገራ አምስት ሊሬ ነበር፤ ሃያ ሺህ ሊሬ ማለት አራት ሺህ ብር ነው። በግንቦት ስምንት ሊሬ ገባ፤ ሃያ አራት ሺው ሦስት ሺህ ብር ነው። ሊሬው በረከሰ ቁጥር ድምሩ ያድጋል፣ ብራችሁ ያልቃል። ጋሻው ብሩን እየወሰደ፣ እናንተ እንዳወጣችሁ አድርጎ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሟችም ያንን መዝገብ አምኖ ኖሯል፣ አብዱልመናን ብሬን እስኪል ድረስ።»

«መስረቅና መግደል አንድ ነው?» አለ አንዱ።

«አይደለም። ትናንት ጠገራ አሥራ ሁለት ሊሬ ነበር። በዚያ ሒሳብ ሁለት ሺው ብር ሃያ አራት ሺህ ሊሬ ነው፤ ካለፈው ወር አያድግም። አሥራ ሦስት የገባው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ትምባሆ ስገዛ ሰንጋ ተራ ላይ ሰማሁ። ሃያ ስድስት ሺህ የሚሆነው በአሥራ ሦስት ብቻ ነው። ይህ ሰው ጠዋት ገበያ ደርሶ፣ እዚህ መጥቶ ጽፏል። ሟች መዝገቡን ሊመረምር ነበርና ገደለው፤ በጠመኔ እጁ ብረቱን ሲይዝ መያዣው ነጣ።»

ጋሻው ጩቤ መዞ ወደ ነገሪ ተወረወረ። ነገሪ በከዘራው የእጁን አንጓ ሰበረው። ከዚያ ሕዝቡ ወደቀበት፤ ስንት ጥርስ እንደረገፈ የቆጠረ የለም። ነገሪ ከእጃቸው ያስጣለው በመከራ ነው።

«ለአርበኞች ዳኛ እሰጠዋለሁ» አለ እያለከለከ። «ልትሰቅሉት የነበረውን ፍቱት።»

ወለተሰንበት ሰሌዳውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ነገሪን «ሁለት ሺህ ጠገራ» አስጻፈችው።

«ያለው ይኸው ነው። ለያንዳንዳችሁ ካስቀመጣችሁት ግማሽ ግማሽ ይደርሳችኋል። የሚፈልግ ይቅረብ።»

ሁሉም ተሰለፈ። ስላፈሩ አብዱልመናንን ከፊት አቆሙት። ዘሀራ ደግፋው ነበር፤ ከንፈሩ ተሰንጥቆ መናገር ያቅተዋል።

«የኔ ድርሻ እዚሁ ይቀመጥ» አለ።

ከኋላው የተሰለፉት መሬት መሬት አዩ። አንድ ሽማግሌ ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ወይራው ሄደና ገመዱን ከቅርንጫፉ ማውረድ ጀመረ።