ከውስጥ የተንኳኳው መስኮት

በ1972 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው፣ ድሬዳዋ በቀን የምትግልበት፣ ሰው ሁሉ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ወቅት፣ እኔም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ በዛርም በቆሌም አላምንም፣ ያኔም አላምንም ነበር፣ የማምነው በእግዚአብሔር ብቻ ነው። ጎረቤቶቼ የቀትር ጋኔን እያሉ ልጆቻቸውን ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲጠሩ፣ እኔ ልጄን የምጠራት ፀሐይ እንዳይመታት ነበር። ስለዚህ ይህን ከፈሪ ሴት አፍ እንደ ወጣ አትቁጠሩት።

ዘንድሮ ይህን ሥራ የምትጀምሩ ልጆች ምክር ስጪን ብላችሁኛል። ስለ ካርድና ስለ አደራደር የሚያስተምራችሁ አታጡም። እኔ ያለኝ አንድ ምክር ነው፣ እሱንም ያገኘሁት በዚያ ቀትር ነው፣ ተመስገን፣ ጡረታ እስክወጣ አልከዳኝም።

ቤተ መጻሕፍታችን ከከዚራ ሰፈር ዳር፣ የባቡሩ ጩኸት በሚሰማበት ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበር፣ ውጪኛው ማንበቢያ፣ ውስጠኛው የመጻሕፍቱ ክፍል። ተማሪ ወደ ውስጥ አይገባም። በመካከል ባለችው የእንጨት መስኮት የሚፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያቀብልና ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፣ መጽሐፉ ሲገኝ የመመለሻው ቀን ማኅተም ይመታበታል፣ ፈርሞ ይወስዳል። ከእኔ በፊት የነበሩት ጋሽ ይልማ ስም አይጠሩም ነበር አሉ። በማኅተሙ እጀታ መስኮቱን ሁለቴ ይመታሉ፣ ተራው የደረሰ ልጅ ወንበሩን ገፍቶ ይነሣል፣ በቃ። እኔ ስም እጠራ ነበር። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ፈቲያ የምትባል፣ «እሳቸው ያንኳኩ ነበር፣ እርስዎ ይጮሃሉ» ብላ ፊት ለፊት ነግራኛለች።

ጋሽ ይልማን አንድ ቀትር ላይ ከዚያው ክፍል ወሰዷቸው። ወዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወንበራቸው ለእኔ ተሰጠኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጄን ሰላምን የማሳድጋት በልብስ ስፌት ነበር፣ ደሞዝ ሲገኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ የሰውየውን ወንበር ግን ሁልጊዜ በግማሽ ጎኔ ነበር የምቀመጥበት።

ታዲያ በዚያ ግንቦት የትምህርት ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ደረጀ መስኮቴን ተደግፎ፣

«ጓድ አስካለ፣ የኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት አሮጌ መጻሕፍት ነገ ጠዋት ይወጣሉ። በሲባጎ ጠፍረሽ አዘጋጂያቸው» አለኝ።

የሚላቸው መጻሕፍት የንጉሡ ሥዕል መጀመሪያቸው ላይ የታተመባቸው፣ ተረቶች፣ ግብረ ገብ፣ የእንስሳት ታሪኮች ናቸው። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚጠይቁኝም እነሱን ነበር።

«ወዴት ይሄዳሉ?» አልኩት።

«ወደሚገባቸው።»

«ወዴት ነው የሚገባቸው?»

«ዳቦ ቤቱ ማገዶ ቸግሮታል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ፣ «አንዷን ደብቀሽ ብትገኚ ጋሽ ይልማሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። ልጅሽን አታስቢ፣ አብዮቱ ያሳድጋታል» አለ።

ሲባጎ ፍለጋ ተነሣሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ያላት ሴት ሌላ ምን ታደርጋለች።

በማግስቱ ጠዋት መኪና ስለሚመጣ በዚያው ቀን ቀትር ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። ሰላምን ለጎረቤት አደራ አልኩ፣ መጻሕፍቱን ወደ ማንበቢያው ጠረጴዛ አወጣኋቸው፣ ውስጠኛውን ክፍል ቆለፍኩና ቁልፉን እንደ ልማዴ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ከታች ሽፋኗ የተቀደደ ሰማያዊ የተረት መጽሐፍ አደረግኩ፣ ሌሎቹን ደርቤ ጠፈርኩ። ቀጥዬ ሁለተኛውን እስር ጀመርኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ነጠላ ጫማ ነው፣ ሲሚንቶ ላይ ቀስ ብሎ የሚጎተት፣ ከተቆለፈው ክፍል። አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ገጽ ተገለጠ። እመኑኝ፣ የመጽሐፍ ገጽ ሲገለጥ ያለውን ድምፅ እኔ ከምንም ጋር አላምታታውም። ቀጥሎ ጧ አለ፣ ማኅተም ወረቀት ላይ ሲያርፍ። ከዚያ መስኮቱ ከውስጥ ሁለቴ ተንኳኳ።

ሲባጎውን ጥዬ ወጣሁ። ዘበኛው አብዶሽ በሩ አጠገብ ኒም ዛፍ ሥር ጫቱን ይዞ ተጋድሟል።

«አብዶሽ፣ ማን ገባ?»

«ማን ይገባል አቦ፣ በዚህ ፀሐይ ሰይጣንም ጥላ ፈልጎ ተኝቷል።»

«ከውስጥ መስኮቱን የሚመታ አለ።»

ጉንጩ ውስጥ ያለውን ጫት ማላመጡን አቆመ። «ስንቴ መታ?»

«ሁለቴ።»

«ወላሂ ከዚህ አልነሣም» አለኝ። «እህት ዓለም፣ አንቺ ማተብ አለሽ፣ አንቺ ግቢ።»

ገባሁ። በስመ አብ ብዬ ጮክ ብዬ አማተብኩ። ከውስጥ እንደ ገና ጧ አለ። ምንም ይሁን ምን፣ የሥላሴን ስም ሲሰማ የሚሸሽ አልነበረም። ይህ ከማስፈራት ይልቅ አረጋጋኝ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ በሩን ከፈትኩ።

ሰው የለም። መስኮቱ ከውስጥ እንደ ተቀረቀረ ነው። ደፉ ላይ ግን አንድ መጽሐፍ ተቀምጧል፣ ሽፋኗ የተቀደደ፣ ሰማያዊ።

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩ። ቋጠሮዬ እንዳሰርኩት ነው፣ እስሩ ግን ከታች በኩል ላልቷል፣ ጣት አስገብቼ ብዳስስ ሰማያዊዋ የለችም። መጽሐፏን አንሥቼ ገለጥኳት። ማኅተም ተመትቶባታል፣ ሐምራዊ ቀለሙ ጣቴን አረጠበው። ይህን ልብ በሉ፣ የማኅተሙ ቀለም ካለቀ ወራት አልፎታል፣ ስጠይቅ ነገ እየተባልኩ፣ የደረቀውን ስፖንጅ በምራቄ እያረጠብኩ ነበር የምመታው።

ያኔ ተናደድኩ። ፍርሃቴ የት እንደ ገባ አላውቅም። «ጋሽ ይልማ ከሆኑ ይስሙኝ፣ እኔ ልጅ አለችኝ፣ ምን አድርጊ ነው የሚሉኝ?» አልኩ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ።

ከኋላዬ፣ ከማንበቢያው፣ አንድ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ተራው ደርሶ እንደሚነሣ ልጅ።

ስወጣ አንድ ወንበር ከጠረጴዛው ራቅ ብሎ ቆሟል። አብዶሽ ጫማውን አውልቆ ደጃፉ ላይ ደርሷል፣ ሳይረግጥ አንገቱን ብቻ አስግጎ፣

«እህት ዓለም፣ ማንን ነው ያስነሣሽው?» አለኝ።

ማታ ሰላም ጣቴን ይዛ «እማዬ፣ ምን ነክተሽ ነው?» አለችኝ። ሥራ ነው አልኳት። በሳሙናም በሎሚም አሸሁት፣ አልለቅም አለ። ዳዊት ደገምኩ፣ ልጄን አቅፌ ተኛሁ፣ ነገሩንም ተኝቼ አሰብኩት። ጓድ ደረጀ ደብቀሽ ብትገኚ ነው ያለኝ። ማኅተም የተመታበት መጽሐፍ አልተደበቀም። ወጥቷል፣ ሰው ዘንድ ነው። እኔም ደሞዝ የምበላው ለማገዶ አቅራቢነት አይደለም።

ጠዋት ባንዲራ ሳይሰቀል ደረስኩ። አብዶሽን በሩን ክፈት አልኩት፣ ሲባጎውን በመቀስ ቆረጥኩ፣ መጻሕፍቱን ወደ ውስጥ መልሼ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ፣ በሙሉ ወንበሩ። ልጆች ቀድመው ግቢ ውስጥ ነበሩ። የማኅተሙን እጀታ ይዤ ሁለቴ መታሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ፈቲያ ናት። «ዛሬ አይጮሁም?»

«ዛሬ አልጮህም። ያዢ።»

«የት ልፈርም?»

«አትፈርሚም። ስምሽን አልፈልግም፣ መጽሐፉን ግን እፈልገዋለሁ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ታመጪዋለሽ።»

ወሬው በግቢው ሮጠ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ማኅተም መታሁ፣ በምራቄ እያረጠብኩ፣ አንዱም ሳይፈርም ወሰዱ፣ በከረጢት፣ በሸሚዝ ሥር፣ አንዱ እንዲያውም እናቱ ሽንኩርት ወደ ከፊራ ገበያ በምትወስድበት ዘንቢል ውስጥ። በዓመታት ውስጥ ብዙዎቹ ተመልሰዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለእያንዳንዱ ተመላሽ አመስግኛለሁ። ሰማያዊዋን ግን ማንም አልጠየቀም። ብቻዋን ቀረች። የሰልፉ ደወል ሲደወል መስኮቱን ቀረቀርኩ፣ ደፉ ላይ አስቀመጥኳት፣ ወጥቼ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አደረግኩ።

መኪናው መጣ። ጓድ ደረጀ ጠረጴዛው ላይ ከተቆራረጠ ሲባጎ በቀር ምንም አላገኘም።

«የታሉ?»

«ተዋሷቸው።»

«ማን ተዋሰ?»

«ተራቸው የደረሰ።»

«ደብቀሻል።»

«አልደበቅኩም፣ አዋስኩ። የተቀጠርኩት ለማዋስ ነው። ካላመንክ ግባና ፈትሽ» አልኩና ራሴ ከፈትኩለት።

ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ባዶ ነው። መደርደሪያውን ዞረ፣ ተንበርክኮ ከሥር አየ። እኔ ደፉን ነበር የማየው። መስኮቱ እንደ ተቀረቀረ ነው፣ ሰማያዊዋ የለችም።

«ትጠየቂበታለሽ» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ። «ልጅ እንዳለሽ አትርሺ።»

«እጠየቃለሁ። ልጄንም የሰጠኝ ይጠብቃታል።»

ይህ ነው ምክሬ። መጽሐፍ የሚጠበቀው ሰው እጅ ውስጥ ነው። ታዘዙ ሲሏችሁ ለየትኛው ሥራ እንደ ተቀጠራችሁ አስታውሱ።

እሱ ገና የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ሳለ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ በሐምራዊ ጣቴ ማኅተሙን ይዤ ሁለቴ መታሁ። ልጆቹ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነበሩ፣ ማንበቢያው ባዶ ነው። ጓድ ደረጀ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ከኋላው ወንበር ሲገፋ ሁለታችንም ሰማን።