የሙጪት ጉርሻ

ደብሬ በማር ቆረጣ ልታግዝ ታናሽ እህቷ ሙጪት ቤት ከሰነበተች ወዲህ፣ በየምሳው አንድ ነገር ያንገበግባታል፦ የማንደፍሮ ጉርሻ። ሰውየው ቂጣውን ቆርሶ፣ ማር አጥቅሶ፣ ሚስቱን ሙጪትን ሳያጎርስ አይውልም። ደብሬን ግን አንድ ቀን እንኳ «እንቺ» አላላትም። ታላቂቱ እሷ፣ ቀድማ ያየችውም እሷ!

አንድ ረፋድ ሙጪት ቀፎዎቹ ሥር ካበበው ኑግ መሀል ጠራቻት። «እታለም፣ ነይማ እይ።» አበባውን የመሰለች ቢጫ ሸረሪት ንብ አንገት ላይ ተጣብቃ ትመጥጣታለች፤ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ዝንቦች ደግሞ ንቧን ከበው ከሸረሪቷ አፍ ይሻማሉ።

«ሌቦች! የሞተ ሸቷቸው ነው?»

«ኧረ አልሞተችም፤ እግሯን እዪው። በቁሟ እየተበላች ያለች ንብ ሽታ ነው የሚጠራቸው፤ ማንደፍሮ ነው የነገረኝ።»

ማንደፍሮ፣ ማንደፍሮ! ሌላ ወሬ የላትም እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ቤቱን የኮመጠጠ ማር የመሰለ ሽታ ያዘው። ሙጪት ከሳች፣ ቀን ሙሉ መተኛት አበዛች፤ ከነጠላዋ ሥር አንገቷ ላይ እነዚያ ዝንቦች ተሰብስበው ደብሬ አየች። ምን እንደሚጠራቸው ታውቃለች። ማንደፍሮም ራሱ እህል ሲቀምስ አይታው አታውቅም፤ ሚስቱ በዋጠች ቁጥር ግን የእሱም ጉሮሮ እንደሚውጥ ሰው በቀስታ ይንቀሳቀሳል፣ ጉንጩም ከቀን ወደ ቀን እየሞላ ነው። ልንገራት ይሆን? ደግሞ ለእሷ! በባል ፍቅር ቀልጣ ነው፣ ትክሳ! አለችና ሳትነግራት ወደ ማር ቆረጣው ሄደች።

የመጨረሻው ቀፎ በተቆረጠ ማግስት ሙጪት ምሳ ላይ ቀና ማለት አቃታት። ጉርሻው መጣ። ደብሬ አላስቻላትም፤ ዘንበል ብላ ከጣቱ ላይ በአፏ ነጠቀችው።

«እታለም፣ ተይው!» አለች ሙጪት በሰለለ ድምፅ።

ማንደፍሮ አልተቆጣም፣ ፈገግ አለ። ጣፈጣት፤ ወዲያው ምላሷ ደነዘዘ፣ ቀጥሎም ጉሮሮዋ። ያ ሽታ ከራሷ ጉያ ሲወጣ ተሰማት። ከሙጪት አንገት ዝንቦቹ ብድግ አሉ፤ መሶቡን ተሻግረው እሷ አንገት ላይ ሰፈሩ። ልታባርራቸው ብትል ጣቶቿ ትንሽ ተንቀጥቅጠው ቀሩ። ማንደፍሮ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለና ሚስቱን አልፎ፣ «እንቺ» እያለ ወደ ደብሬ አፍ ዘረጋ።