በር ላይ የጠበቀው ነጠላ ጫማ

ኪቦም የሞተው ጊታሩን እንዳቀፈ፣ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ነው። የኮሪያዋ ከተማ ቹንቾን ሦስት ቀን ሙሉ ከዝናብ በቀር ምንም አላየችም፤ ታዋቂ ሰው ግን መነጽር የሚያደርገው ለፀሐይ አይደለም። እሱና ሁለቱ የባንድ ጓደኞቹ ድሮ በዩኒቨርሲቲው ምግብ አዳራሽ ሲጫወቱ የሚሰማቸው ሾርባ የሚጠብቅ ሰልፈኛ ብቻ ነበር። በቴሌቪዥን የተማሪዎች የዘፈን ውድድር አንደኛ ከወጡ ወዲህ አገሩ ዜማቸውን ያፏጫል፤ እነሱም ለሰፈሩ ሰው ሰላምታ የሚመልሱት በአገጫቸው ሆኗል።

መርማሪ ታክ የልምምድ ክፍሉ ሲደርስ ጥፋተኛው አስቀድሞ ተመርጦለት ነበር። የመሣሪያ ጠጋኙ ጋሽ ኦክ ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። ነገሩ የጥገና ጉድለት ከተባለ በስተርጅና ወህኒ መውረዳቸው ነው።

«የጊታሩ ድምፅ ማጉያ ኤሌክትሪክ ይነዝራል ብያለሁ!» አሉ። «መለዋወጫው እስኪመጣ ያለ ላስቲክ ነጠላ ጫማ እንዳትነኩት ብዬ፣ ለሦስቱም እኔው ገዛሁላቸው።»

«ጋሼ ትንሽ አርጅተዋል» አለ ከበሮ መቺው ዳልሱ፣ ማስቲካውን እያላመጠ።

ታክ ክፍሉን ቃኘ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ የገብስ ሻዩ ማንቆርቆሪያ ባዶ ነው። ሟቹ በካልሲ ነው። በሩ ላይ ሁለት ጥንድ ነጠላ ጫማ ወዲያና ወዲህ ተወርውሯል። የኪቦም ግን ግራና ቀኙን ገጥሞ፣ ጫፉን ወደ ክፍሉ አዙሮ ተቀምጧል። ታክ በእርሳስ ብድግ አደረገው። ከሥሩ የኪቦም የውጭ ጫማ የጭቃ ዱካ አለ።

«ማን አገኘው?»

«እኔና ዳልሱ፣ ኑድል በልተን ስንመለስ» አለ ዘፈኖቹን የሚጽፈው ኦርጋን ተጫዋች ሙንሶክ። «እሱ ሰው ሊጠራ ሮጠ፤ እኔ ኤሌክትሪኩን ላጠፋ ቀረሁ።»

«ለምን በካልሲ ገባ?»

«ትዕቢት ነዋ! ታዋቂ ከሆነ ወዲህ ላስቲክ ይንቃል።»

የዘፈን ኩባንያው ወኪል ወይዘሪት ራ ምስጢር አልደበቀችም። «ከሰኞ ጀምሮ ኪቦም ብቻውን ሊቀዳ ነበር። ሕዝቡ የወደደው ፊቱን ነው። ለሙንሶክ ትናንት ነገርኩት፤ አመሰገነኝ።»

«ሲባረር ያመሰገነ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ» አለ ታክ።

ዳልሱ ደግሞ ሳይጠየቅ ለፈለፈ፦ «ምሳ ስንወጣ ሲጋራ ረሳሁ ብሎ የተመለሰው ሙንሶክ ነው። ለሴቶች የመርከብ ባለቤት ልጅ ነኝ ይላል፤ እናቱ ግን ሶክቾ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ነው ያላት። ሃሃ!»

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ሙንሶክን ወንበር አምጣ ብሎ ከኋላ አስቀረው። እሱም መጨረሻ ገብቶ ተቀመጠ።

«ኪቦም በካልሲ የገባው ነጠላ ጫማው ስላልነበረ ነው» አለ ታክ። «አንድ ሰው ደብቆበታል፤ ካልሲው ረጥቦ ኤሌክትሪኩ እንዲይዘው ሻዩንም ወለሉ ላይ ደፍቶበታል።»

«እዚያው ነበር እኮ! ንቆ ተወው አልኩዎት» አለ ሙንሶክ።

«ዱካው ከሥር፣ ነጠላ ጫማው ከላይ ነው። ስለዚህ የተቀመጠው እሱ ከገባ በኋላ ነው። ያኔ እዚህ ብቻውን የቀረው ማነው?»

«ከጫማ ተነሥተው ነው ነፍሰ ገዳይ የሚሉኝ?»

«ከአቀማመጡ ነው። ንቆ የተወውን ጫማ ጎንበስ ብሎ የሚያስተካክል ትዕቢተኛ የለም። እኔ ዛሬ አንዱን ጫማዬን በጎኑ ጥዬው ነው የገባሁት። የእነዚህም እንደ ልማዳቸው ተበታትኖ ነበር። እስቲ ዳልሱ፣ በሩን ክፈተው።»

ዳልሱ ከፈተ። አምስቱም ጥንድ በአንድ መስመር ተሰልፎ፣ ጫፉን ወደ መውጫው አዙሮ ቆሟል፤ ሂሳቡን ከፍሎ የሚሄድ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስላል።

ሙንሶክ እጆቹን እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው። «ሳላስበው…» አለ። «ዘፈኑ የእኔ ነበር። ወደ እናቴ ማረፊያ ቤት፣ የእንግዳ ጫማ ወደ መደርደር ልመለስ?»

«እጅህ እኮ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም» አለ ታክ።

ጋሽ ኦክ ቀስ ብለው ተነሡ። ወደ በሩ ሄዱ፤ ሳያጎነብሱ እግራቸው ጫማቸው ውስጥ ጥልቅ አለ።

«አመሰግናለሁ» አሉ ከልማድ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።