ሁለቱ አረንጓዴ ጃኬቶች

እኔ ብርድ የምለካ ሰው ነኝ። ሥራዬ ነው፣ ቴርሞሜትር እሰቅላለሁ፣ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ሦስት ዲግሪ ካለ ሦስት ነው፣ ሁለት ካለ ሁለት ነው፣ በቃ። ደብረ ብርሃን ሳድግ ማታ ማታ ስለ ወንዝ ዳር ጋኔን፣ ስለ ሙት መንፈስ ሲወራ ከሁሉ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እናቴ ተቆጥታ "ይህን ሳቅህን አንድ ቀን ታገኘዋለህ" ትለኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ብሶብኝ እስቃለሁ። እና አሁን የማወራችሁን የማወራው አምኜበት አይደለም፣ ዛሬም አላመንኩም፣ ግን ሁለቱ ጃኬቶች ይኸው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅለዋል፣ ታዲያ ምን ልበላቸው?

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ዲላ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፣ ባልደረባዬ ደግሞ በራሶ የሚባል የፍስሐ ገነት ከተማ ልጅ ነበር፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው የነገረውን የሚያምን፣ ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ። አንድ መምህር ከታች ከቡናው ማሳ ጀምሮ እስከ ቡሌ ተራራ አናት ብርዱ በምን ያህል እንደሚለያይ ማወቅ ፈለጉና እኔና በራሶን መደቡን፣ የማታውም የንጋቱም ንባብ ስለሚያስፈልግ የቀበሌውን ሰዎች አስፈቅደን አናቱ ላይ፣ ከቤትም ከመንገድም ርቀን፣ በድንኳን ማደር ነበረብን።

ከመሄዳችን በፊት መምህሩ ቢሯቸው ጠርተው ስለ ጃኬት ነገሩኝ፣ በራሶ ያን ሰዓት ድንኳኑን ከዕቃ ግምጃ ቤት ሊያወጣ ሄዶ ነበር። ዳገት ለሚወጣ ሰው፣ አሉኝ፣ ውሃ ጨርሶ የማያሳልፍ ልብስ ጠላቱ ነው፣ ላቡን አፍኖ ይይዝበትና ሲቆም ያ ላብ ቀዝቅዞ ሰውየውን ይገድለዋል። ሶፍትሼል የሚሉትን ፈልጉ፣ ቀላል፣ ለስላሳ፣ ሲስቡት የሚለጠጥ፣ ነፋስ የማያስገባ ላብን ግን የሚያስወጣ፣ ካፊያ ሲመታው ውሃው ተንከባሎ የሚወርድ፣ ዶፍ ከመጣ ድንኳን አላችሁ። ለበራሶም ንገረው አሉኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ሳልባጅ ተራ ሄድን። ዲላን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት ያረፈደ ሰው የሚደርሰው ነጠላ ካልሲ ነው። ከድር የሚባለው ነጋዴ ክምሩን ሲዘረግፈው ተረባረብን፣ እኔ የሴት ሸሚዝ ይዤ ስነሳ በራሶ አንድ ጥቁር አረንጓዴ ጃኬት ይዞ ተነሳ። ገና ሳየው አወቅሁት። ተቀበልኩትና በእጄ መዘንኩት፣ ከአንድ ስስ ሹራብ አይከብድም፣ ጨርቁን አፌ ላይ አድርጌ ነፋሁበት፣ ትንፋሼ አላለፈም፣ እጅጌውን ሳብኩት፣ ተለጠጠና ተመለሰ፣ ውስጡ የጫጩት ላባ የመሰለ ገበር አለው፣ ቢያሹት ድምፅ የለውም። እንከኑ የዚፑ ምላስ መሰበሩ ብቻ ነው። ከክምሩ ሥር ደግሞ አንድ ቢጫ የዝናብ ልብስ ወጣ፣ ላስቲክ ነገር፣ በነኩት ቁጥር ኮሽ ኮሽ የሚል።

በራሶ ሁለቱንም አንጠልጥሎ "አንተ የብርድ አገር ሰው ነህ፣ የቱ ይሻለኛል?" አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ቀድሞ ያገኘው እሱ ነው፣ ማወቅ የሚገባኝን ያወቅሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ከከድር የውሃ ጠርሙስ ተቀብዬ ሁለቱም ላይ አፈሰስኩ። በአረንጓዴው ላይ ውሃው መጀመሪያ ተንከባለለ፣ ቆይቶ ግን በስፌቱ በኩል ትንሽ ገባ፣ በቢጫው ጠብ አላለም። "ይኸው፣ አየህ" አልኩት። ሌላ ቃል አልወጣኝም፣ እመኑኝ፣ አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገርኩም፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚባለው ግን ይኸው ነው። በራሶ አረንጓዴውን ለእኔ ለቆ ቢጫውን ወሰደ፣ ጭራሽ አመሰገነኝ። ቤቴ ገብቼ በተሰበረው የዚፕ ምላስ ፈንታ ሰማያዊ ሲባጎ አሰርኩበት፣ አባቴ የእህል ጆንያ አፍ በሚያስርበት ቋጠሮ፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ በሚገባው፣ ከእኛ ቤት ሌላ የትም ሲታሰር አይቼ አላውቅም።

በጉዞው ቀን እስከ ቡሌ በመኪና ሄደን ከገበያው በላይ በእግር ያዝነው። ካፊያ ነበር። በራሶ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ያ ላስቲክ ኮሽ ኮሽ እያለ የገብሱን ማሳ አልፈን ቀርከሃው ጋ ስንደርስ በራሶ ውሃ ሆኗል፣ ላቡ በእጅጌው ጫፍ ይንጠባጠባል፣ እኔ ደረቅ ነኝ። "ይህ ነገር የሚዘንበው ከውስጥ ነው" ብሎ ሳቀ፣ አብሬው ሳቅሁ። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር፣ እንቀያየር ይለኛል ብዬ ፈራሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የታችኛውና የላይኛው ቴርሞሜትር እኩል መነበብ አለባቸው፣ ስለዚህ በራሶ ቀርከሃው ጥግ ቀረ፣ እኔ ድንኳኑን ተሸክሜ ወደ አናቱ ወጣሁ፣ ቀጥ ያለ ዳገት ስለሆነ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው እንጂ ከታች የተጣራ ይሰማል፣ እሱም አንብቦ ሊከተለኝ ነው። ቴርሞሜትሩን እንጨት ላይ ሰቅዬ፣ ድንኳኑን ተክዬ፣ ሰባት ዲግሪ ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ጉሙ ወረደ፣ ወዲያው ነፋስ፣ ከነፋሱ ጋር በረዶ። ዘልዬ ገባሁ። ሻማ ስለኩስ የግራ እጅጌዬ ጫፍ እሳቱን ነካና ባቄላ የምታህል ቀዳዳ ቀለጠች። እንዴት እንደተናደድኩ፣ ጓደኛዬ በረዶ ውስጥ ቀርቶ እኔ ጃኬቴ ተበሳ ብዬ ተናደድኩ፣ እስቲ አሁን ይህ ምን ይባላል?

አንድ ሰዓት ሆነ፣ አንድ ተኩል ሆነ፣ አልመጣም። ገበሬ ቤት ተጠግቷል አልኩ፣ የአገሩ ልጅ አይደለም እንዴ፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ በእኔ እየሳቀ ይሆናል አልኩ። ይህን እያልኩ ከታች በኩል "ደምሴ" ብሎ ስሜን የሚጠራ ድምፅ ሰማሁ። የበራሶ ድምፅ ነው፣ አልተሳሳትኩም፣ ግን አንዴ ብቻ።

እናንተም ሳትሰሙ አትቀሩም፣ በጨለማ ስምህ አንዴ ቢጠራ አቤት እንዳትል፣ ሰው ከሆነ ይደግምሃል ይባላል። ስንት ዓመት የሳቅሁበት ነገር ነው። ያን ማታ ግን እኔ፣ የቴርሞሜትሩ ሰው፣ እስኪደግም ብዬ ጠበቅሁ። ፈርቼ አይደለም፣ መውጣት ስላልፈለግሁ ነው፣ የማላምንበትን ነገር ሰበብ አደረግሁት። አልደገመም።

ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፣ በረዶው ቆሞ ነበር፣ ኮሽ ኮሽ የሚል ድምፅ ከዳገቱ ሥር ተነስቶ እየቀረበ መጣ። ያ ላስቲክ ነው። ደስታዬን አትጠይቁኝ፣ "ግባ እንጂ" አልኩ። ድንኳኑን ዞረው፣ ደግሞ ዞረው፣ ከዚያ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ግባ አልኩ፣ አልገባም። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ዚፑን ከፈትኩ፣ ሰው የለም። ቴርሞሜትሩ በተሰቀለበት እንጨት ላይ ቢጫው ልብስ ኮሌታው ተስተካክሎ ተንጠልጥሏል። መሬቱን በረዶው ነጭ አድርጎታል፣ ነጩ ላይ ዱካ አለ፣ ከታች መጥቶ፣ ድንኳኑን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ታች የወረደ። የግራው ሶል መሃል ላይ ጫማ ሰፊ የለጠፈው ባለ ሦስት ማዕዘን ጎማ ምልክቱ ታትሟል፣ ያ ጎማ ያለው የእኔ ጫማ ነው። እኔ ደግሞ በረዶው ከወረደ ወዲህ እግሬን ከድንኳኑ አላወጣሁም።

እጄን በላስቲኩ እጅጌ ውስጥ ከተትኩ። ሞቋል። ብርድ የምለካ ሰው ነኝ ብያችኋለሁ፣ በዚያ ነፋስ የተሰቀለ ላስቲክ ሁለት ደቂቃ ሙቀት አይዝም፣ ያ ግን አሁን ሰው የወጣበት ነበር። ቆሌዬ ተገፈፈ። ገብቼ ዚፑን ዘጋሁና እስኪነጋ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። አልወረድኩም። በራሶ በዚያ ብርድ ያለ ልብስ መቅረቱን እያወቅሁ አልወረድኩም፣ ይህን ከማንም ደብቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው፣ ለስንት ዓመት ደብቄዋለሁ።

ሲነጋ ቴርሞሜትሩን አነበብኩ፣ ሁለት ዲግሪ፣ ጻፍኩት፣ እጅ ልማዱን አይተውም። ከዚያ ሬሳ ላነሳ ወረድኩ።

በራሶ ቀርከሃው ሥር ቁጭ ብሎ ያፏጫል። ክው ብዬ ቀረሁ። አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል፣ እስከ አገጩ ተቆልፎ፣ ከዚፑ ላይ ሰማያዊ ሲባጎ ተንጠልጥሏል፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ቋጠሮ፣ የአባቴ ቋጠሮ። የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ባቄላ የምታህል ቀዳዳ አለች፣ ዳሯ ቀልጦ ጠቁሯል። የራሴን እጅጌ አየሁ። እሷም እዚያው አለች።

ለምን ሳትቀሰቅሰኝ ወጣህ ብሎ ወቀሰኝ። ከዚያ ማታ የሆነውን ራሱ ያወራልኝ ጀመር፣ ላቡ ቀዝቅዞበት እግሩ አልታዘዝ ሲለው በቀረችው ትንፋሽ አንዴ እንደጠራኝ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አቅም እንዳጣ፣ እኔም ወዲያው እንደደረስኩ፣ ላስቲኩን አውልቄለት ጃኬቴን እንዳለበስኩት፣ ላስቲኩን ልስቀል ብዬ አንዴ ሄጄ እንደተመለስኩ፣ እስኪያንቀላፋ ጀርባውን አቅፌ እንደተቀመጥኩ። "ደግሞ ያ የጃኬት ነገር አያስጨንቅህ" አለኝ፣ "‹መምህሩ ነግረውኝ ነበር፣ ደብቄህ ነው፣ ይቅር በለኝ› ስትለኝ እኮ ያኔውኑ ይቅር ብዬሃለሁ።"

ልብ በሉ፣ መምህሩ የነገሩኝን ከመምህሩና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በራሶ ቀና ብሎ የለበስኩትን ጃኬት አየና ሁለት ነበረህ እንዴ አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዲላ ስንገባ ያወለቀውን መለሰልኝ። ማታውኑ ላቦራቶሪ ገብቼ ሁለቱን በሚዛን መዘንኳቸው፣ እኩል ናቸው፣ ቋጠሮዎቹን በመርፌ ፈታሁ፣ እኩል ታስረዋል፣ ቀዳዳዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩ፣ ልክ ገጠሙ። በሳምንቱ የበራሶ እናት ፍስሐ ገነት ድረስ ጠርተውኝ፣ እጄን ስመው፣ ልጄን ያተረፍክልኝ ብለው መረቁኝ፣ ቤታቸው በላሁ ጠጣሁ። በራሶ ሲያገባም አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። በየበዓሉ ያ ሌሊት ይነሳል፣ በየበዓሉ እኔ አንገቴን እደፋለሁ፣ ሰው ትሕትና ይመስለዋል።

አምና ይርጋጨፌ አውቶቡስ ስንጠብቅ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝና ነገርኩት። ያን ሌሊት የመጣሁት እኔ አይደለሁም አልኩት፣ ስትጠራኝ ሰምቼ ዝም ብያለሁ።

"አውቃለሁ" አለኝ በራሶ መንገዱን እያየ። "ይቅርታ መጠየቁን ኋላ ሳስበው ነው ያወቅሁት። አንተ ይቅርታ ጠይቀህ አታውቅም።"

ታዲያ ማን ነበር አልኩት።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስምህን ጠራሁ፣ አቤት ብሎ መጣ።"

አውቶቡሱ ደረሰና ተሳፈርን፣ ሌላ ነገር አላነሳንም። ከዚያ ወዲህ አመል ሆኖብኛል፣ ስሜን አንዴ የጠራ ካለ፣ ሠርግ ላይ ይሁን ለቅሶ ላይ፣ እየተደናበርኩ አቤት እላለሁ፣ ሰዎችም ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሚስቴ ከጓሮ ስትጠራኝ ዜናው ይዞኝ ትንሽ ዘገየሁ፣ ልነሳ ስል "ዛሬስ ቶሎ መጣህልኝ፣ በል ባልዲውን በዚያ በኩል ያዘው" ስትል ሰማኋት። እኔ ገና ከወንበሬ አልተነሳሁም ነበር።