የመጨረሻዋ ጤዛ

እጥፍወርቅ ከቀትር በፊት የምትሠራው ሥራ ለዓመታት ተለውጦ አያውቅም። የድሬዳዋ ፀሐይ ጠንክራ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት መንጣጣት ሳይጀምር የመስኮቶቹን የእንጨት መዝጊያዎች አንድ በአንድ ትዘጋለች፤ የሲሚንቶውን ወለል ውሃ ትረጫለች፤ ሳሎኑ ጨለምለም ብሎ መቀዝቀዝ ሲጀምር መኝታ ቤት ገብታ ጋደም ትላለች። በዚያን ሰዓት ባሏ ወንድይፍራው ቡፌው ፊት ወንበር ስቦ ይቀመጥና በለስላሳ ጨርቅ ጠርሙሷን ይወለውላል።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለችው "ጤዛ" የምትባል መጠጥ ነበረች። ወንድይፍራው በወጣትነቱ የሠራበት፣ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ያለፈው አንድ ትንሽ የለስላሳ ፋብሪካ ከሁመር፣ ከዚያ ኮምጣጣ ፍሬ፣ ያዘጋጃት ነበር። ጠቆር ያለ ቀይ ናት፤ ከስኳሩ በኋላ ምላስ ላይ ጨው ጨው ትላለች። ከሌላ አገር የመጣ ሰው አንዴ ተጎንጭቶ ያስቀምጣታል፤ የሰፈሩ ሰው ግን እሷን ለምዶ ሌላ አላምር ብሎት ነበር። ወንድይፍራው ከፋብሪካው በወጣበት ቀን ይዟት የመጣው ይህችው አንዲት ጠርሙስ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ ተቀመጠች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እየወጣች ትታያለች፤ የድሮው ወሬ ይነሳል፤ ተመልሳ ቦታዋ ትገባለች። ሳትከፈት በዕድሜ ብዛት መጠጡ ተንኖ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

እጥፍወርቅ መጀመሪያ የሰማችው ድምፁን ነው። አንድ ቀትር ላይ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርጋት ሲል፣ ከሳሎኑ ጨለማ ውስጥ ጋዝ በቀጭኑ ሲተነፍስ ሰማች። ከድምፁ ኋላ ሽታው መጣ፤ ኮምጣጣና ጣፋጭ ነው፤ ከሥሩ ግን ገና ከገላ ላይ የወለቀ ልብስ የሚሸተው ዓይነት ላብ ላብ የሚል ነገር አለበት። ተነስታ ወጣች።

"ከፈትካት እንዴ?"

"ምን ነካሽ? ቆርኪዋ ይኸው እንዳለ ነው" አለ ወንድይፍራው፣ ዞር ሳይል።

እውነቱን ነበር። የዛገው ቆርኪ አልተነካም። መጠጡ ግን ከግማሽ ከፍ ያለ መሰላት።

በዚያው ሳምንት ላብ ተዋት። ጎረቤቶቿ ደጃፍ ላይ በካርቶን እያራገቡ ሲያማርሩ የእሷ ግንባር ደረቅ ነበር፤ መጀመሪያ ደስ አላት። ቀጥሎ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አንድ ጆግ ውሃ ጠጥታ ሳትቆይ ምላሷ ከላንቃዋ ጋር ይጣበቃል። ወንድሟ ሐረር ሞቶ ለቀብር ስትሄድ ደረቷን እየደቃች ጮኸች፤ ዓይኗ ግን አንዲት ጠብታ አላወጣም፤ ለቀስተኞቹ ሴቶች እርስ በርስ ሲተያዩ አየች። ከሰልስት በኋላ ቤቷ ገብታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቡፌው ጋ ሄደች። መጠጡ የጠርሙሷ አንገት ሥር ደርሶ ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ የእጇን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተነሳ ቀረ።

"እማማ፣ ውሃ አይጠጡም እንዴ?"

"ስጠጣ ነው የምውለው፣ ልጄ።"

ወደ ቤት ስትመለስ በጠርሙሷ አንገት ላይ፣ ልክ መጠጡ በደረሰበት፣ ጥቁር ክር አሰረች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ክሩ ከመጠጡ በታች ሆኖ አገኘችው። ጠርሙሷን አንስታ ወደ ጓሮው ቧንቧ ልትወጣ ስትል ወንድይፍራው ከኋላ ደርሶ እጇን ያዘ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር እንዲያ አጥብቆ ይዟት አያውቅም።

"አትንኪያት።"

"ወንድይፍራው፣ እየደረቅኩ እኮ ነው። አይታይህም?"

ጠርሙሷን ከእጇ ቀስ ብሎ ወሰደና ቦታዋ መለሳት። ቆርቆሮው ከላያቸው ይንጣጣል።

"ይታየኛል" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።" ጨርቁን አንስቶ የጣቷን አሻራ ከጠርሙሷ ላይ ጠረገ። "ያ ጣዕም ሌላ ቦታ አይገኝም፣ እጥፌ። ስንት ዓመት ፈለግኩት።"

ድምፁ ውስጥ ቁጣም ሐፍረትም አልነበረም፤ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። የውሃ ጥሙን ትችለው ነበር። ያልቻለችው እያንዳንዱን ቀትር ማስታወስ ነው፤ እሷ ባሌ አጠገቤ ነው ብላ ዓይኗን ስትከድን፣ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጦ ስንት እንደቀረ ያይ ነበር።

ጓሮ ወጥታ አዳማ የምትኖረው ልጇ ትርሲት ጋ ደወለች። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ የራሷ አልመስል አላት። ያየችውን ሁሉ፣ አባትየው ያለውንም ሳትደብቅ ነገረቻት። ታሾፍብኛለች ብላ ፈርታ ነበር፤ ትርሲት ግን አላሾፈችም።

"ነገ እመጣለሁ እማዬ። እስከዚያ ጠርሙሷን እንዳትሰብሪያት፤ እኔው እጨርሰዋለሁ።"

ትርሲት ረፋዱ ላይ ደረሰች። እናቷን አቅፋ ሳመቻት፤ ጥጥ አርሳ የተሰነጠቀ ከንፈሯን አራሰችላት፤ ደግፋም ሳሎን ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። እጥፍወርቅ ከስንት ቀን በኋላ ትከሻዋን ጣል አደረገች።

"ልብሴን ሸክፌያለሁ፤ በሩ ጋ ነው" አለች።

"እሺ፣ እማዬ።"

ትርሲት ወደ ሻንጣው አልሄደችም። ቡፌው ፊት ቆማ እስከ ቆርኪው አፍ የሞላችውን ጠርሙስ ትክ ብላ አየቻት፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ምራቋን ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እጥፍወርቅ ከወንበሯ ሆና አየች። ከዚያ መዝጊያዎቹን አንድ በአንድ ዘጋች፤ በጨለማው ውስጥ መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇንም ያዘችው፤ እጥፍወርቅ ልትነሳ ብትሞክር አልለቃት አለች።

"አባዬ" ብላ ተጣራች ትርሲት፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ "ሁለት ብርጭቆ ብቻ አምጣ።"