የመቀራረቢያው ምሳ

ኢንስፔክተር ፈቲሀ ያን ቅዳሜ እንደ ማንኛውም ጠዋት ነው የጀመረችው። ሰገደች፤ ግቢዋን ጠረገች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደለመደችው ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ዩኒፎርሟን ተኩሳ ለበሰችና ወደ ጣቢያ ወጣች።

በሩ ላይ ናጃህ ቆማ ጠበቀቻት። ናጃህ የእናቶች ማቆያ የሚያሠራው ማህበር ሀብት አሰባሳቢ ናት። ማቆያው ከገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪይዛቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ጣሪያው ነው።

«በሬው የለም» አለች።

በሬው የእንሴኖው ገበሬ ሐጂ ሀያቱ ለጣሪያው የሰጡት ቀይ ቦቃ ነበር። ናጃህ ስንት ጊዜ ደጃቸውን ጠንታ ያገኘችው ነው። አረፋን ሊያከብሩ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች በነጋታው ሊጫረቱበት ተቀጥሮ ነበር። በእንዲህ ያለ ጨረታ ያሸነፈ ሰው በሬውን አይነዳም፤ መልሶ ለጨረታ ይሰጠዋል። ሌላው ይገዛዋል፤ እሱም ይመልሳል። አንድ በሬ ሳይታረድ ጣሪያ ያለብሳል።

ፈቲሀ ከናጃህ ጋር ወደ ማህበሩ ግቢ ሄደች። በረቱ ባዶ ነው። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። ጥበቃው ከማሉ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ደርሶ ሲመለስ በሬው እንዳልነበረ ተናገረ። ቁልፉስ? ከማሉ አፈረና ናጃህን አየ፤ ቁልፉ ያለው እሷ እጅ ብቻ ነው።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ግሩም ደረሱ። ቆርቆሮና የሕንፃ ዕቃ ይነግዳሉ።

«እኔ ሰው አልወቅስም» አሉ። «ግን በር ሳይሰበር በሬ አይወጣም።»

ናጃህና ቦርዱ እንደተኳረፉ ፈቲሀም ሰምታለች። ባለፈው ወር ወልቂጤ ላይ፣ ቦርድና ሀብት አሰባሳቢ ይቀራረቡ የሚል ሥልጠና ተሰጥቷቸው ነበር። ናጃህ ተነስታ፣ የሰው ደጅ ስጠና «ሰብሳቢያችሁስ ከራሳቸው ምን ሰጡ?» እያሉ መልስ ያሳጡኛል ብላ ተናገረች። አቶ ግሩም ሳቁ። ጥቁር በሬያቸውን አርደው ሠራተኛውን ሁሉ ቤታቸው እንደሚጋብዙ ቃል ገቡ። ተጨበጨበላቸው። ያ ምሳ የተቀጠረው ለዛሬ፣ በሬው ለጠፋበት ቅዳሜ ነበር።

«ምሳው አይቀርም» አሉ ሰብሳቢው። «ሰው የሚቀራረበው በችግር ቀን ነው። ኢንስፔክተር፣ እርስዎም ይምጡልን።»

ፈቲሀ ሄደች። ተጠርጣሪ ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲቀመጥ ማየት ፈልጋ ነው።

ለክርስቲያኖቹ ከሉካንዳ የመጣ ሥጋ በአንድ ወገን ቀረበ። ለሙስሊሞቹ ደግሞ ክትፎው በኮባ ላይ፣ ከአይቤና ከቆጮ ጋር። አቶ ግሩም ደረታቸውን ነፍተው፣ እርዱ የሸረፋ እጅ ነውና አትጠራጠሩ አሉ። የአዛውንቱን ሙስሊም አራጅ የሸረፋን እጅ የማያምን የለም። ፈቲሀ በላች። ጣፋጭ ነበር።

ናጃህ እህል አልወርድ ብሏት ተቀምጣለች። አቶ ግሩም ጉርሻ ጠቅልለው አጠገቧ ቆሙ።

«ይቺ የዕርቅ ናት። በሞቴ።»

ሰው ሁሉ ያያታል። አፏን ከፈተች። የአቶ ግሩም ሚስት ወይዘሮ የሺ ፊቷን አዙራ ወደ ጓሮ ወጣች።

ፈቲሀ ወደ ጣቢያ ስትመለስ አንድ ነገር ከነከናት። ድልብ በሬ በጠራራ ፀሐይ የት ይደበቃል? ገበያ አልወጣም፤ በመንገድም ሲነዳ ያየው የለም። ሩቅ ያልተነዳ በሬ እዚሁ ታርዷል። የታረደ ደግሞ በላተኛ ይፈልጋል።

አፏ ውስጥ ያለው የቅቤ ጣዕም ድንገት ከበዳት።

ሸረፋን ደጃቸው ላይ አገኘቻቸው። ሰላምታ ተለዋወጡ። ዛሬ የት እንዳረዱ ጠየቀቻቸው።

«ግሩም ግቢ ብቻ። በማለዳ ጠርቶኝ።»

«በሬው መልኩ ምን ነበር፣ አባባ?»

«ቀይ ነው። ግንባሩ ቦቃ።»

«የማን ነው አላሉም?»

«ሰው ግቢ ታስሮ ያገኘሁትን በሬ የማን ነው እላለሁ፣ ልጄ?» አሉ። 

ፈቲሀ ከአጥሩ ጥግ ሄዳ አስመለሳት። አፏን ተጉመጠመጠች፤ እጇን ደጋግማ ታጠበች። ሽታው አልለቀቃትም።

ግሩም ቤት ስትመለስ፣ እሱ በረንዳው ላይ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር።

«ጥቁሩን በሬህን አሳየኝ» አለችው።

አንተ መባሉ አስደነገጠው። «በልተሽው የለ እንዴ?»

ከጓሮ በሬ አገሳ።

«የበረቱ ጓጉንቸር ከማን ሱቅ ነው?»

«ከእኔ። በነፃ ሰጠኋቸው።»

«ከነስንት ቁልፉ?»

 ለማህበሩ ከሱቁ የሰጠው ያችን ጓጉንቸር ብቻ ነበር፤ ከእሷም አንዱን ቁልፍ አስቀርቷል።

ወይዘሮ የሺ ከበሩ ላይ ተናገረች። «ቆዳው ከቆርቆሮው ሥር ነው፣ እህቴ። ተው ብዬው ነበር።»

ግሩም ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ። «የአረፋ ገበያ ደርሶ የእኔን ልረድ? ናጃህ በሰው ፊት ስጥ አለችኝ፤ ሰጠሁ። በሬ በሬ ነው።»

«ናጃህ ብትታሰርስ?»

«ቦርዱ ሌላ ሰው ይቀጥራል» አለ። ጥርሱን መጎርጎሩን አልተወም።

የናጃህን አፍ በጉርሻ መዝጋት ባይፈልግ ኖሮ፣ የሙስሊም እጅ ባልፈለገ። ሸረፋን ባይጠራ ምስክር አይኖርም ነበር። ፈቲሀ ይህን እያሰበች በካቴና አሰረችው።

ናጃህ ሲነገራት አላለቀሰችም። «በእጁ ነው ያጎረሰኝ» አለች ብቻ።

በነጋታው ነጋዴዎቹ መጡ። ሐጂ ሀያቱም ከእንሴኖ መጡ፤ ቆመው ሰሙ።

«ሌባ ወሰደው ብትሉኝ ሌላ እሰጥ ነበር» አሉ። «እናንተ ግን ተቀምጣችሁ በላችሁት።»

ከቦርዱ አንገቱን ቀና ያደረገ አልነበረም። የተጫረተም የለም። ነጋዴዎቹ አንድ በአንድ ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ናጃህ የበረቱን ቁልፍ ለከማሉ ሰጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። የማቆያው ግድግዳ እንደቆመ ነው። ጣሪያ የለውም።