ከሠላሳ አንድ ሺህ ጫማ ያላለፈው አውሮፕላን

መርማሪዋ ወደ ክፍሉ ከመግባቷ በፊት አፍንጫዋ ገባ። ባልደረቦቿ «አፍንጫዬ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም፤ ሌላው አይቶ የሚደርስበትን እሷ አሽትታ ትደርስበታለች፤ ሥራዋን የምትጠላውም በዚሁ ምክንያት ነው። የረጋ ሾርባ፣ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለ ክፍል፣ የጋለ ኮምፒውተር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልለመደችው የሬሳ ሽታ አንድ ላይ ተቀበሏት። አቅለሸለሻት። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ገባች።

ሟቹ ከአሮጌ አውሮፕላን ተነቅሎ በመጣ የአብራሪ ወንበር ላይ፣ ቀበቶውን እንዳሰረ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ተቀምጧል። ከፊቱ በተደረደሩት ሦስት ሰፋፊ ስክሪኖች ላይ ደመና ያልፋል፤ ከደመናው በታች ባሕር ይታያል። ሞተሩ እንደጮኸ ነው። በእውን የሌለ አውሮፕላን፣ በእውን የሌለ መቶ ቶን ጭነት ተሸክሞ፣ በእውን የሞተ ሰው ይዞ ወደፊት ይበራል።

«ለምን አላጠፋችሁትም?» አለች።

«ምንም ነገር እንዳትነኩ ተባልን» አለ በሩ ላይ የቆመው ሰው። ፖሊስ የጠራው እሱ ነበር፤ የከባድ መኪና ሹፌር የነበረ፣ አሁን የግቢው ተከራይ። ካፒቴኑ «ረዳቴ» ይለው ነበር።

የካፒቴኑ ታሪክ አጭር ነው። ሃያ ዓመት የጭነት አውሮፕላን አበረረ፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት «ልብህ ታሟል» ተብሎ ከሰማይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚህ ክፍል ውስጥ በኮምፒውተር ይበራል። አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን በረራ አሥራ አንድ ሰዓት ይቀመጥበታል። ሰዓቱን ማሳጠር እንደሚቻል ሲነግሩት፣ «ጭነት በአቋራጭ አይደርስም» ይላል። በየሁለት ሰዓቱ እንደሱ ለሚበሩ ጓደኞቹ በስልኩ መልእክት ይልካል፤ ያለበትን ቦታና ከፍታ ይጽፋል። ዛሬም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቷል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቁልቁል መውረድ ሲገባው የሞተሩ ድምፅ ስላልተለወጠ፣ ረዳቱ በሩን ከፍቶ አየው።

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች፤ አሥራ አንድ ተኩል። ጓንቷን አጥልቃ የሟቹን አገጭ ነካች፣ ጣቶቹን ለማጠፍ ሞከረች፣ ጉልበቱን ገፋ አደረገች። ሁሉም ግንድ ሆኗል። የግራ ክንዱ ላይ የመርፌ ምልክት አለ። ከወንበሩ አጠገብ የቆመውን ፔርሙዝ ከፍታ ወዲያው መልሳ ከደነችው፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ላዩ ላይ ስቡ ረግቶ ክዳን ሠርቷል። ስልኩ ወንበሩ ሥር ወድቋል።

«ሲያገኙት ስልኩ እዚያ ነበር?»

ረዳቱ ግንባሩን አከከ። «የለም። ለዶክተሩ ልደውልበት ፈልጌ አጣሁትና በራሴ ደወልኩ። ወንበሩ ሥርም ጎንበስ ብዬ አይቻለሁ። ዶክተሩ መጥቶ ሬሳውን ካየ በኋላ ነው ‹ይኸው ስልኩ› ያለን።»

ዶክተሩ የሟቹ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው። መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ለካፒቴኑ ምሳ ተብሎ የተቀመጠውን የዶሮ እግር ሲግጥ አገኘችው። ከሬሳው የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። ከንፈሩ በስብ ወዝቶ ያብረቀርቃል።

«ልብ ነው» አለ እያላመጠ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ልብ። ወረቀቱን ፈርሜያለሁ፤ ነገ ጠዋት ይቀበር።»

«ስንት ሰዓት ላይ ሞተ ይላሉ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ስምንት ሰዓት ላይ እኮ ለጓደኞቹ ጽፏል።»

«እርስዎ መቼ አዩት?»

«ጠዋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ሳልፍ የደም ግፊቱን እለካዋለሁ። በበረራ ላይ እያለ ከእኔና ከዚያ ሹፌር በቀር ማንንም አያስገባም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ገብቼ ሁለት ተኩል ወጣሁ። ከዚያ እስኪጠሩኝ ድረስ ሆስፒታል ነበርኩ፤ በሽተኞቼን ይጠይቁ።»

«መርፌውስ?»

«ቫይታሚን ነው። በየወሩ እወጋዋለሁ።» አጥንቱን ሳህኑ ላይ ጣል አድርጎ ጣቱን መጠጠ። «ተገድሏል ካሉኝ ግን ኢንስፔክተር፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤት የነበረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። እህቴ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አልነበረችም። ያ ሹፌር ግን ነበረ። ትናንት ማታ ሲጨቃጨቁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ትራስ አፍ ላይ ማድረግ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

እጁን ሊጨብጣት ዘረጋ። መርማሪዋ ስብ የተቀባውን እጅ አይታ ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

ሚስትየው ጓዳ ውስጥ የመድኃኒት ብልቃጦች በቀንና በሰዓት የተደረደሩበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጣለች።

«ዘጠኝ ዓመት ጠዋትና ማታ በዚህ እጄ አጉርሼዋለሁ» አለች። «ዋጥ አድርግ እያልኩ፣ እንደ ሕፃን። ያዞረዋል፣ እግሩን ያሳብጠዋል፤ ወንድም ጋሼ ግን ‹ይቀጥል› ይላል። እኔ ምን አውቃለሁ እናቴ?»

«ሾርባውን አልነካውም።»

«አልነካውም?» ቀና አለች። «እስከ አራት ሰዓት እኮ አንጠፍጥፎ ነው የሚጨርሰው! ከቀዘቀዘ አይወድለትም።»

«ከተከራዩ ጋር ስለምን ተጣሉ?»

«እኔ እንጃ። ረዳቱ ‹ጣልከኝ በለኛ!› ሲል ሰምቻለሁ።»

መርማሪዋ ረዳቱን ግቢው ውስጥ አገኘችው። ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ቆመውለታል። ቤቱ ውስጥ ሰው እንደተገደለ ጮኾ የተናገረ እሱ፣ አሁን የሚጠበቀውም እሱ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው።

«ዶክተሩ ልብ ነው ብሎ ፈርሟል» አለችው። «እርስዎ ዝም ቢሉ ማንም አይጠረጥርዎትም ነበር። ለምን ፖሊስ ጠሩ?»

«ልቡ ደህና ነዋ!» አለ ረዳቱ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ትናንት የነገረኝ ይኼንን ነው። ተደብቆ ሌላ ሆስፒታል ሄዶ ተመረመረ። የፈረስ ልብ ነው ያለህ አሉት። ሰኞ ወረቀቱን ይዤ የማብረር ፈቃዴን አስመልሳለሁ፣ እውነተኛው ሰማይ እገባለሁ አለኝ። እኔ ደግሞ ሞኙ ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቆጣሁ። የቅዳሜ ጓደኛዬን ላጣ ነው ብዬ ተቆጣሁ። ዛሬም አኩርፌ ከጎኑ ሳልቀመጥ ዋልኩ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ወረቀቱ የበረራ ደብተሩ ውስጥ አለ። ለእኔና ለዶክተሩ ብቻ ነው የነገረው። ‹እሱም ደስ ይበለው፣ ዘጠኝ ዓመት ተጨንቋል› እያለ።»

ደብተሩን አመጡላት። ወረቀቱ እንደተባለው ውስጡ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የተጻፉትን ገጾች ገለጠች፤ በሁሉም ላይ ቁጥሮቹ እንደ ደረጃ ይወጣሉ፦ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሦስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ሰባት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ከፍታው ነው፣ በሺህ ጫማ። እኔም ሹፌር ሆኜ ሳለሁ የማላውቀውን እሱ ነው ያስተማረኝ። ረጅም በረራ ላይ ሲነሣ ነዳጁም ጭነቱም ሞልቶ ስለሚከብድ ብዙ አይወጣም። ሠላሳ አንድ ላይ ይቆያል። ነዳጁ ሲቃጠል ይቀለዋል፤ ሲቀለው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እላይ ደግሞ ነዳጅ ይቆጥባል። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ነው።»

«ኮምፒውተሩ በራሱ አይወጣም?»

«ይኼኛው አይወጣም። ካፒቴኑ ቁልፉን አዙሮ ካላዘዘው፣ ነዳጁ እስኪያልቅ እዚያው ከፍታ ላይ ይበራል።»

መርማሪዋ የተጣለውን ስልክ ከፈተች፤ ሟቹ መቆለፊያ እንኳ አላደረገበትም። የዛሬዎቹን መልእክቶች አንድ በአንድ አነበበች። ደብተሩን ከስልኩ አጠገብ ዘርግታ እንደገና አነበበቻቸው።

ሬሳው ከወጣ በኋላ ሁሉንም ወደዚያው ክፍል ጠራቻቸው። መስኮቱ ተከፍቷል፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ወንበሩ ባዶ ነው፤ አውሮፕላኑ ማረፊያውን ካለፈ ቆይቷል፤ አሁንም ይበራል። ዶክተሩ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እህቱን አቅፎ ቆሟል።

«ዶክተር» አለች መርማሪዋ፣ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሞተ ሰው አሥራ አንድ ተኩል ላይ እስከ እግሩ አይደርቅም።»

«ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው።»

«ብርድ ያዘገየዋል እንጂ አያፋጥነውም። ይኼን እኔ ያለ ትምህርቴ የማውቀውን እርስዎ አያጡትም። ካፒቴኑ የሞተው ጠዋት ነው። እስከ አራት ሰዓት የሚያልቀው ሾርባ አልተከፈተም።»

«እንግዲያው በአራት፣ በስድስት፣ በስምንት ሰዓት ማን ጻፈ? ሬሳው?»

«ላንብብልዎት። ሁለት ሰዓት፦ ‹ሠላሳ አንድ ሺህ ጫማ፣ ሁሉ ሰላም።› አራት ሰዓት፦ ‹ሠላሳ አንድ ሺህ ጫማ፣ ሁሉ ሰላም።› ስድስትም ያው። ስምንትም ያው። ካፒቴኑ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ላይ አልዋለም፤ ደብተሩ ይኸው። የመጀመሪያውን እሱ ጻፈ። የቀሩትን የጻፈው ሰው ከፍታ አንዴ ተይዞ የሚቀር መስሎት የመጀመሪያውን እየገለበጠ ነው። አውሮፕላኑም ያንኑ ይመሰክራል፤ ይመልከቱት።»

ሁሉም ስክሪኑን አዩ። ሠላሳ አንድ ሺህ ይላል።

«ረዳቱ ቢሆን ይኼን አይስትም፤ አሁን ያስረዳኝም እሱ ነው። ስልኩ ደግሞ እሱ ሲፈልግ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እርስዎ በመጡ በአምስት ደቂቃው ወንበሩ ሥር ተገኘ። በቦርሳዎ ይዘውት ሄደው፣ በበሽተኞችዎ መካከል እየጻፉ ውለው፣ መልሰው ጣሉት። ስልኩ ቀኑን የት እንደዋለ የስልክ ድርጅቱ ይነግረኛል፤ መርፌው ውስጥ ምን እንደነበረ ላቦራቶሪው ይነግረኛል።»

«በጨዋታ ሰው ሊወነጅሉ ነው?» ዶክተሩ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ሞተ። «እኔ የእህቴን ባል ለምን እገድላለሁ?»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ሰኞ ይኼን ይዞ ስለሚወጣ። ጤነኛውን ልብ በሽተኛ ያሉት እርስዎ ስለሆኑ።»

«ተቀያይሮብኝ ነው!» አለ ዶክተሩ በድንገት። «የሌላ ሰው ውጤት ነበር። ስህተት ነው! ማን የማይሳሳት አለ?»

«መቼ አወቁት?»

እህቱ ከክንዱ ሥር ወጣች።

«ወንድም ጋሼ፣ መቼ ነው ያወቅከው?»

«በሳምንቱ» አለ ዶክተሩ ወለሉን እያየ።

በሳምንቱ ካወቀ በኋላ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ቤት ምሳ በልቷል። ዘጠኝ ዓመት ልብህን ጠብቅ ብሏል፣ ጤነኛን ሰው መድኃኒት አስውጧል፣ ሰማዩን ቀምቶ በስክሪን ሲጫወት አይቶታል። መርማሪዋ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ በንዴት የገደለ፣ በቅናት የገደለ። እንዲህ የቀፈፋት ግን የለም። ሚስትየው የራሷን መዳፎች እያገላበጠች ታያቸዋለች፤ ከዚያ ቀሚሷ ላይ ትጠርጋቸው ጀመር፤ ጠረገች፣ ጠረገች፣ አላቆመችም።

የነዳጅ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ።

«ላሳርፋት?» አለ ረዳቱ በቀስታ። «ቅርብ ማረፊያ አለ። ጭነቱ ባሕር ከሚገባ።»

መርማሪዋ ያየችውን ሁሉ ፎቶ አስነሥታ ነበር። ራሷን ነቀነቀችለት። ረዳቱ ወደ ካፒቴኑ ወንበር አልሄደም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጥባትን ዱካ ስቦ ከጎን ተቀመጠ። ቁጥሩ ከሠላሳ አንድ ሺህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቃነቀ።

ፖሊሶቹ ዶክተሩን በሁለት በኩል ያዙት። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ በተያዘ እጁ ደረቱን ለመንካት ይታገላል።

«ኢንስፔክተር፣ ልቤን… ልቤን አመመኝ። እውነቴን ነው።»

መርማሪዋ መሐረቧን ከአፏ አነሣች።

«አምቡላንስ እጠራልዎታለሁ» አለችው። «ሁለት ሐኪም ያይዎታል፤ ውጤቱንም በእጅዎ እሰጥዎታለሁ።»

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ እጇን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበች። ስትወጣ የአውሮፕላኑ ሞተር ጸጥ ብሎ ነበር።